ወርቁን የጠጣው ወረቀት

የስፌት መኪናዬን በአሮጌ ጋቢ የሸፈንኳት ባለፈው መስከረም ነው። ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ ወጥቶ፣ መርፌዋን ክር ላጎርስ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቴም አውራ ጣቴን ብወጋው «በቃሽ» አልኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ እስከ ዛሬ አላውቅም። የልጅ ልጄ ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ፣ «አኮ፣ ጡረታ ወጣሽ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። አኮ የምትለኝ ከሰፈር ልጆች ሰምታ ነው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

ጡረታ የሚወጣ ሰው ደብዳቤ ይጻፍለታል። እንዲህ ያለ ቦታ ይህን ያህል ዘመን አገልግሎ፣ ምስጉን ሠራተኛ የነበረ፣ እየተባለ ከታች ማህተም ይመታበታል። ለእኔ ማን ይጽፍልኛል? በረንዳ ደብዳቤ አይጽፍም። እንግዲያው ራሴ ልጻፈው ብዬ ይሄው የልጅቷን ደብተር ወስጄ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከተበላሸ ጨርቅ ላይ ነው። እሱን ቆይቼ አወጋችኋለሁ።

የተወለድኩት ኢተያ ነው፣ ስንዴ ውስጥ። ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ የመጡ ናቸው ይባላል። አሰላ የመጣሁት ተድሬ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር፤ ማታ ሲገባ ከእነ ቅንድቡ ዱቄት ነው። ታዲያ የእሱ ዱቄት ብቻውን ቤት አላቆም ሲል፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ገበያው ዳር ሐጂ ሁሴን በረንዳ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ምን ትችያለሽ?» አሉኝ ሐጂ፣ ቀና ሳይሉ።

«የተቀደደ እጠቅማለሁ።»

«እሱን ሁሉም ይችላል። መጠበቅስ?»

«ምን መጠበቅ?»

«በቃ አትችይም። ተቀመጪ፣ ትማሪያለሽ።»

ሐጂ ልብስ ሰፊ ቢሆኑም ስማቸውን ያስጠራው ድርቡ ነበር። ድርብ ብለው ስም ያወጡለት ራሳቸው ናቸው። ፊቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተቀጣጥሎ፣ መሐሉ ባዘቶ ተነጥፎ፣ ጀርባው አቡጀዲ ሆኖ፣ ሦስቱ በአንድ መርፌ የሚያያዙበት ብርድ ልብስ ነው። ጭላሎ ተራራ ራስጌያችን ቆሞ ሌሊት ሌሊት የሚነፍሰውን የሚያውቅ ያውቀዋል። «ጋቢ ለብርድ ነው፤ ድርብ ለጭላሎ ነው» ይሉ ነበር።

ሐጂ አዲስ ጨርቅ ሲመጣላቸው ፊቱን አያዩም። ገልብጠው ያነጥፉትና በመዳፋቸው ጀርባውን ቀስ ብለው ይዳብሱታል። «ጨርቅ ፊቱን ለሁሉም ያሳያል፤ አንቺ መጀመሪያ ጀርባውን ሰላም በይው» ይሉኛል። ከዚያ ከጥጉ የጣት ጥፍር የምታህል ቆርጠው ኪሳቸው ውስጥ፣ ከቁልፋቸው ጋር ይጨምሯታል። በሳምንቷ አውጥተው ያዩአታል። ቀለሟ የለቀቀ፣ ጠርዟ የተተረተረ እንደሆነ ባለቤቱን ጠርተው ይነግሩታል። ደንበኛ «ሐጂ፣ የእኔ ጨርቅ ገና ኪስዎ ውስጥ ነው?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። መጠበቅ ያሉኝ ይህን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ የብስኩት ጣሳ ነበረቻቸው። ብስኩት የላትም። ውስጧ ያለው ሐጂ በዘመናቸው ያበላሹት ጨርቅ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ወረቀት በስፒል ተይዞ፣ ወረቀቱ ላይ ስም ተጽፏል። ልጄ ሲተኛልኝ እያወጣሁ አይ ነበር። አንድ ቀን፣ «ይሄ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«አበበች። ቀሚስ። አጠረ።»

«ታዲያ ለምን ያስቀምጡታል? ሰው ቢያይብዎትስ?»

«ስሚ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያማረውን ደንበኛው ይዞት ይሄዳል። ለእኛ የሚቀረን ጥፋታችን ብቻ ነው። እሱንም ከጣልነው በእጃችን ምን ቀረ?»

እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያች ጣሳ ነው። አ ማለት የአበበች አ ናት። ከ ማለት የከበደ ከ፣ ኮቱ በካውያ የተቃጠለበት። ሰው በመዝሙር ይማራል፣ እኔ በሐጂ ኃጢአት ተማርኩ። ማንበቡን ቻልኩ እንጂ ለመጻፍ ግን እጄ አልደፈረም።

መሐል ላይ ትቻቸው ሄጄ ነበር። የሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ስድስት ዓመት የአልጋ አንሶላ ሰፋሁ። ደመወዙን ተዉት፤ ጤፍ ባይገዛ ስንዴ ገዝቷል። አለቃችን ጥሩ ሴት ነበረች፣ ግን መቸኮል ትወድ ነበር። ጠርዝ ሁለቴ ሳጥፍ ካየች፣ «ጥሩወርቅ! አንሶላ ነው እንጂ የታቦት መጎናጸፊያ አይደለም!» ትላለች፣ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ማኅበሩ ሲፈርስ አንገቴን ደፍቼ ወደ በረንዳው ተመለስኩ። ሐጂ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። «ወንበርሽ አቧራ አለበት፤ ጥረጊውና ተቀመጪ» አሉኝ።

እንግዲህ ብልጭልጩ የመጣው ያኔ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ሆኖ ላዩ ላይ የወርቅ አበባ ያለበት ጨርቅ፣ ነጋዴዎች ከድሬዳዋ በኩል የሚያመጡት። የአሰላ ሴት አበደችለት። ሐጂ ግን ገልብጠው ዳብሰው፣ «ይሄ ወርቅ እንግዳ ነው» አሉ። እውነትም የድሮው ወርቀ ዘቦ በክር የተሸመነ ነው፤ ገልብጠሽ ብታዪው ጀርባውም ወርቅ ነው። ይሄኛው ላዩ ላይ ታትሞ የተቀመጠ ነው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እንግዳን ደግሞ እንደ እንግዳ ማስተናገድ ነው።

ለሚሰፉ ሁሉ እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ ደብዳቤዬ ውስጥ ይቆይልኝ። ብልጭልጭ ሲሰፋ መርፌዋ አዲስ ትሁን፣ ስፌቱም ሰፋ ይበል። የገባ መርፌ ይለፍለት፣ ተርትሬ እደግመዋለሁ አይባልም፤ ቀዳዳው አይድንምና። ስፒል ከጠርዙ ወዲህ፣ ስፌት በሚውጠው በኩል ብቻ ይሰካ። ወርቁ መርፌዋ ላይ እየተጣበቀ ክር ይበጥሳል፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ ነው። ሐጂ በሕይወታቸው አልኮል ነክተው አያውቁም፣ መርፌያቸው ግን ትነካ ነበር፤ እሳቸውም ዞር ብለው ነው የሚያስጠርጉኝ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ ሳይታሽ፣ ሳይጨመቅ፣ በረኪና ሳይነካው፣ ጥላ ላይ። መስከረም ጠብቶ ሁሉም አልጋ ልብሱን አጥር ላይ ሲያሰጣ፣ ይሄን ጀርባውን ለፀሐይ አድርጋችሁ ለአንድ አፍታ ብቻ። ስታስቀምጡት አትጠፉት፣ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል፤ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቱን ለካውያ እንዳታሳዩት። ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የዲክሲስ ገበሬ አንድ ቀን በፌስታል ቀሚስ ይዘው መጡ። ቀይ ብልጭልጭ ነው፤ ደረቱ ላይ መዳፍ የምታህል የወርቅ አበባ አለችበት፣ ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው።

«የባለቤቴ ነው። እሷ አፈር ለብሳለች» አሉ፣ ፌስታሉን እያጣጠፉ። «ልጃችን ጫልቱ ልታገባ ነው። ልበሺው ብላት ሰፋት። ለብሳው ባትገባ እንኳ ከሥሩ ትተኛ። ድርብ አድርጊልኝ።»

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አደራ አልሰፋሁም። ሐጂ መቀሱን ሰጥተውኝ ራቅ ብለው ቆሙ። ደረቱ ላይ ያለችውን ትልቋን አበባ መሐል አስቀመጥኳት፣ ትንንሾቹን ዙሪያዋን በሌላ ጨርቅ እያፈራረቅሁ ቀጣጠልኩ። ሲያልቅ ሐጂ ገልብጠው ጀርባውን ዳበሱና፣ «ቶሌ» አሉ። ከሐጂ አፍ «እሺ» የምትል ቃል ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ዲክሲስ ወጣሁ። የሙሽራው አያት አኮ ብሬ የሚባሉ ባልቴት፣ ድርቡን አልጋው ላይ አስዘርግተው፣ ቅቤ በሁለት ጣታቸው ዘግነው አራቱን ማዕዘን ቀቡ። «እንደ ቅቤ ለስልሱ፣ እንደ ገብስ ብዙ!» ከዚያ የቀረውን በሙሉ መሐል ላይ፣ ትልቋ አበባ ላይ ለደፉት። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምርቃት አይከለከል፣ ምን ልበል?

በሳምንቱ ጫልቱ፣ አባቷና አኮ ብሬ ድርቡን ይዘው በረንዳው ላይ ደረሱ። ቅቤው ጠልቆ ገብቶ፣ አበባዋ ጠቁራ፣ ይሸታል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አይጥ እንዳይበላብኝ ፈራሁ። የእናቴ ነገር ነው» አለች ጫልቱ። «በዛሬው አውቶቡስ እንመለሳለን።»

ሐጂ የሉም። ለቅሶ አርቦዬ ሄደዋል። ነገ ይምጡ ብል፣ ሐጂ ኪሳቸው ባለችው ቁራጭ ይሞክሩት ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን፣ «እኔ አለሁ!» አልኩ። ቅቤ ከልብስ እንዴት እንደሚወጣ የማታውቅ ሴት እዚህ አገር የለችም፤ የስኳር ወረቀት ላዩ ላይ አንጥፎ የጋለ ካውያ ማሳረፍ ነው፣ ወረቀቱ ቅቤውን ይጠጣዋል። በነጠላ ላይ፣ በጋቢ ላይ ስንቴ አድርጌዋለሁ! ከሰሉን አራገብኩ። ሦስቱ እያዩኝ ወረቀቱን አበባዋ ላይ አነጠፍኩ። ካውያውን አሳረፍኩ። ወረቀቱ ወዲያው ቅቤውን ሲጠጣ፣ ሲረጥብ አየሁና ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ጫን አልኩ።

ወረቀቱን ሳነሳው አበባዋ አብራው ተነሳች።

ቅጠሏ፣ ግንዷ፣ ሙሉዋ አበባ ወረቀቱ ላይ ወርቅ ሆና ተቀምጣለች። ጨርቁ ላይ የቀረው ባዶ ቀይ ነው፣ አንድ ግማሽ ቅጠል ከጥጉ ቀርታለች። ቅቤው ወጥቷል፤ ወርቁም ወጥቷል።

መጀመሪያ የተናገሩት አኮ ብሬ ናቸው። ቅቤው የእሳቸው ስለሆነ ሳይደነግጡ አልቀሩም። «ስሟ ጥሩወርቅ፣ ሥራዋ ወርቅ መግፈፍ! ደግሞ የእኔን ቅቤ ጥፋተኛ ልታደርጊው ነው?»

ኦቦ ገመዳ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ጫልቱ አላለቀሰችም። መዳፏን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። «እማዬ ስትስቅ እጇን እዚህ ጋ ነበር የምታደርገው፣ አበባዋ ላይ» አለች። በቃ። ድርቡን ጠቀለለች። እኔም «አትጠፊው፣ በእንጨት ጠቅልይው፣ ፀሐይ አታሳዪው፣ በቀዝቃዛ ውኃ…» እያልኩ አውቶቡሱ ድረስ ተከተልኳት። ዞራ አላየችኝም።

ሐጂ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጣሳዋን አምጥተው ወርቁ ያለበትን ወረቀት፣ ከዚያም እርሳስ ሰጡኝ።

«ስሟን ጻፊ።»

«እኔ መጻፍ የት እችላለሁ ሐጂ? እርስዎ ይጻፉልኝ።»

«የእኔን ጥፋት እኔ ጽፌያለሁ። ይሄ የአንቺ ነው።»

በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል ጫልቱ ነው። ወረቀቱን ሳላጥፍ ጠቅልዬ ጣሳዋ ውስጥ ከተትኩት። ሐጂ ሲሞቱ ልጆቻቸው የስፌት መኪናቸውን ወሰዱ፤ ጣሳዋ ለእኔ ትሁን ብለው ተናዝዘው ኖሮ ለእኔ አመጡልኝ።

ከዚያ በኋላ የራሴን መኪና ገዝቼ ብዙ ሰፋሁ። የብዙ ሰው ልጅ ከእኔ ድርብ ሥር ተወልዶ አድጓል። ነገር ግን የዲክሲስ አውቶቡስ ሲያልፍ ሁልጊዜ ቀና እላለሁ።

መኪናዬን ከሸፈንኩ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። ክንዷ ላይ በእንጨት የተጠቀለለ ነገር አለ።

«ጥሩወርቅ ሰፊዋ እዚህ ናቸው?»

«ነበረች። ጡረታ ወጥታለች።»

«ማን አወጣቸው?»

«ዓይኗ።»

«ታዲያ እኔንም አላዩኝማ» አለች። «ጫልቱ ነኝ፣ የገመዳ ልጅ።»

ከበሩ ዞር ማለቱን ረሳሁ። እሷ ግን ገብታ ድርቡን አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። ዓይኔ ባይረዳኝ በመስኮቱ ብርሃን አጋድሜ አየሁት፤ ትንንሾቹ አበቦች ሁሉ ሕያው ናቸው። አልተሰነጠቁም፣ አልገረጡም።

«ሰምተሽኝ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«አውቶቡሱ ድረስ ሲጮሁ እንዴት አልሰማ?» አለችና ሳቀች። ቀጥላ ፊቷ ከበደ። «እማማ ጥሩ፣ ልጄ ሃዊ ለጥር ታገባለች። ከአያቷ ድርብ ሥር እንድትተኛ እፈልጋለሁ። ግን መሐሉ ይሄው ራሰ በራ ነው። ሌላ ጨርቅ ይጣፍበት አሉኝ፤ እማዬን መሸፈን ሆነብኝ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።»

«እኔ ነኝ እኮ ያበላሸሁት!»

«ለዚያ ነው የመጣሁት። ድጋሚ አያበላሹትም።»

ጣሳዋን አወረድኩ። ወረቀቱን ፈትቼ ስሰጣት ጥጉ ላይ ያለውን አነበበች። «ይሄ የእኔ ስም ነው? ጫዋ እኮ ወደ ግራ ዞራለች!»

«የመጀመሪያዬ ናት፣ ተያት።»

አበባዋም ዞራለች። ጨርቁ ላይ ያሉት የትንንሾቹ አበቦች ግንድ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፣ የወረቀቷ ወደ ቀኝ። ጫልቱ ፊቷ ጠቆረ፣ «አይገጥምም» አለች። እኔ ግን የሐጂ መዳፍ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ወርቁን ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ባዶው ቦታ ላይ አስተኛሁት። ግንዱ ወደ ግራ ዞረ። ከጥጉ የቀረችው ግማሽ ቅጠል ከወረቀቱ ግማሽ ጋር ገጠመች።

በጀርባው በኩል እንዴት አየነው ትሉኛላችሁ? ቅቤ የጠጣ ወረቀት እኮ ብርሃን ያሳልፋል። አበባዋ በሙሉ በወረቀቱ ጀርባ እንደ መስታወት ትታያለች። ሁለታችንም እኩል ነው የገባን።

«የአኮ ብሬ ቅቤ!» አለች ጫልቱ፣ አፏን ይዛ። «ሞተውም አልተዉንም!»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘን መስመሩን ተከትለን በመርፌ ቀዳዳ ቀዳዳ አደረግነው። መልሰን ጨርቁ ላይ አስተኝተን የጠመኔ ዱቄት በጨርቅ ቋጥሬ ላዩን መታ መታ አደረግሁት። ስናነሳው ቀዩ ላይ አበባዋ በነጭ ነጥብ ቆማለች። ከዚያ የዘቦ ክር ፈለግን። ዘቦ ጨርቁን በስቶ አያልፍም፣ ካለፈ ወርቁ ይላጣል፤ መስመሩ ላይ ይጋደምና በቀጭን ክር እየታሰረ ይሄዳል። መርፌውን ክር የምታጎርሰው ጫልቱ ናት፣ እኔ በጣቴ እየዳበስኩ አስራለሁ። ዓይኔ ያላየውን ጣቴ ያየዋል። ግንዱ ላይ ስንደርስ መርፌውን ለእሷ ሰጠኋት፤ የእሷ ስፌት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው፣ አልተረተርነውም። አምስት ቅዳሜ ከዲክሲስ ተመላለሰች። እየሠራን የሐጂን ወሬ ሁሉ አወራኋት።

ያለቀ ዕለት መዳፏን መሐሉ ላይ አሳረፈች። ድሮ የታተመ ወርቅ ነበር፣ ለእጅ አይታወቅም። አሁን ወጣ ወጣ ብሏል፣ ይዳሰሳል። ብዙ ቆየች፣ እጇን ሳታነሳ።

ለጥር ዲክሲስ ወጣሁ። ዓይኔን ለመጪው ወር ቀጥረውልኛል፣ ሞራው ይገፈፋል ብለውኛል፤ እኔም ወርቅ ሳይሆን ሞራ የሚገፈፍበት ጊዜ መጣ ብዬ ስቄያለሁ። የሃዊ አልጋ ላይ ድርቡ ተዘርግቷል። ሴቶቹ እልል እያሉ ሳለ፣ የሙሽራው አያት፣ የማላውቃቸው ባልቴት፣ ቅቤ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ አልጋው መጡ። ጣታቸው በቀጥታ ወደ መሐሉ ነው የሚሄደው። ምርቃት አይከለከል።

ጫልቱን አየኋት፣ አየችኝ። እሷ ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ ይዘን ገለበጥነው። ነጩ አቡጀዲ ወደ ላይ ሆነ።

«ጀርባውን ነው እንዴ የምመርቀው?» አሉ ባልቴቷ ግር ብሏቸው።

«አዎ አኮ» አለች ጫልቱ። «መጀመሪያ ጀርባውን ሰላም ይበሉት።»

ሳቁና አራቱን ማዕዘን ቀቡ፣ የቀረውን መሐል ላይ ለደፉት። እኔም የዘንድሮውን አሜን ከልቤ አልኩ።

ደብዳቤ ያለ ማህተም አይረጋም ይባላል። የእኔ ማህተም ዲክሲስ ነው ያለው፤ አንድ አልጋ ላይ፣ በአቡጀዲው ጀርባ፣ አምስት ቦታ በቅቤ ተመቷል።